ክረምት ሲበረታ ወዴት እንሂድ? ለጎንደር ቤተሰቦች የመጠለያ አማራጮች ንጽጽር

በውቅያኖስ ላይ የሚወለደው ሀሪኬን ጎንደር አይደርስም። ይህ አውሎ ነፋስ ጉልበቱን የሚያገኘው ሙቀቱ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ከሆነና ከዚያም በላይ ከሞቀ የባሕር ውሃ ስለሆነ፣ የብስ ላይ ከወጣ በኋላ ነፋሱ በፍጥነት ይደክማል። ጎንደር ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ ከቀይ ባሕር ዳርቻም ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀች ከተማ ናት። ይሁንና ከባሕር ርቀው የሚኖሩ የሌላ አገር ከተሞች በሀሪኬን ምክንያት የደረሰባቸው ነገር ለእኛ ትልቅ ትምህርት አለው፤ ምክንያቱም ነፋሱ ሲደክም ዝናቡ አብሮት አይደክምም። በመስከረም 2017 ዓ.ም. ሄሊን የተባለው ሀሪኬን በፍሎሪዳ ዳርቻ ከገባ በኋላ፣ ከዚያ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በተራሮች መካከል በምትገኘው አሽቪል ከተማና በአካባቢዋ ወንዞች ሞልተው፣ ቁልቁለቶችም ተንደው በሰሜን ካሮላይና ግዛት ብቻ ከ100 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ፍሬዲ የተባለው አውሎ ነፋስ በማላዊዋ ብላንታየር ከተማ ላይ ያወረደው ዝናብ ሰዎች በተኙበት ሌሊት ከተራራ ሥር ያሉ ሰፈሮችን በናዳ አጥለቅልቋል። ወደ እኛ ቀረብ ያለው በግንቦት 2010 ዓ.ም. ሶማሌላንድንና ጅቡቲን የመታው ሳጋር ሲሆን፣ ዝናቡ እስከ ኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ዘልቆ ነበር።

የሀሪኬን ደረጃ ከ1 እስከ 5 የሚሰጠው በነፋሱ ፍጥነት ብቻ ነው፤ የዝናቡ መጠን በደረጃው ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ከባሕር ርቆ የሚኖር ሰው «ደረጃው ወርዷል» የሚለውን ዜና ሰምቶ ይተኛል፤ ወንዙ ግን ከዚያ በኋላ ይሞላል። በእኛ ከተማም «ዝናቡ አባርቷል» ተብሎ የሚተኛበት ሌሊት ተመሳሳይ አደጋ አለው።

ጎንደር በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ባለ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ናት፤ አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. መናገሻቸውን ሲያደርጓት የመረጡት ጉብታውን እንጂ የወንዙን ዳር አልነበረም። ከተማዋ እየሰፋች ስትሄድ ግን የመኖሪያ ቤት ወደ ወንዙ ዳርና ወደ ገደላማው ቁልቁለት ወረደ። አብዛኛው የዓመቱ ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ የከበዱት ወራት ናቸው። በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት 1 ሊትር ውሃ ስለሆነ፣ 60 ካሬ ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ጣራ 30 ሚሊ ሜትር ሲዘንብበት 1,800 ሊትር ወይም ዘጠና ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ወደ ቦዩ ይለቃል። ይህን በአንድ መንደር ጣራ ሁሉ ቢያባዙት፣ በፕላስቲክና በደለል የታፈነ ቦይ ለምን በግማሽ ሰዓት ውስጥ መንገድ ላይ እንደሚፈስ ግልጽ ይሆናል።

ከመምረጥ በፊት ቤትዎን ይወቁ

ለሁሉም የሚሆን አንድ መጠለያ የለም፤ ምርጫው የሚጀምረው ቤቱ ከተሠራበት ቦታ ነው።

የወንዝና የቦይ ዳር ቤት የሚያሰጋው ጎርፍ ነው። በዚህ ቤት የሚኖር ሰው በራሱ ሰፈር የሚዘንበውን ብቻ ሳይሆን ከላይ በተራራው የሚዘንበውንም መጠርጠር አለበት። በሐምሌ መጨረሻ 1998 ዓ.ም. ድሬዳዋ ውስጥ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ሲገድል፣ ውሃው የመጣው ከላይ ከደጋው ነበር፤ በበጋ ደረቅ አሸዋ የሆነው የወንዙ መንገድ ሰዎችን አዘናግቶ ነበር። ውሃው እስከ የት እንደ ወጣ ከሁሉ በላይ የሚያውቁት የሰፈሩ አዛውንቶች ናቸው፤ በእነርሱ ጊዜ ውሃ የደረሰበትን ግድግዳ ጠይቆ ምልክት ማድረግ ብዙ ወረቀት ከማገላበጥ ይበልጣል።

የቁልቁለት ቤት፣ ማለትም ከተቆረጠ አፈር ሥር ወይም ከገደል አፋፍ ላይ ያለ ቤት፣ የሚያሰጋው ናዳ ነው። በሮችና መስኮቶች ያለ ምክንያት መግጠም እምቢ ካሉ፣ በግቢው መሬት ላይ አዲስ ስንጥቅ ከታየ፣ የመብራት ምሰሶ ወይም ዛፍ ከዘመመ፣ የድጋፍ ግንቡ ወደ ውጭ ካበጠ፣ የምንጭ ውሃ በድንገት ከደፈረሰ፣ መሬቱ መንቀሳቀስ ጀምሯል ብሎ መውሰድ ይገባል። ናዳ ከዝናብ በኋላም ይመጣል፤ አንዴ ከወረደም ሊደገም ይችላል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ከ200 በላይ ሰዎች ከሞቱበት አደጋ ብዙዎቹ የተቀበሩት በመጀመሪያው ናዳ የተያዙትን ለማዳን በተሰበሰቡበት ነው። ይህን የሚያነብ ሰው ወደ ፍርስራሹ ለመሮጥ ከመነሳቱ በፊት ከላይ ያለውን ቁልቁለት ቀና ብሎ ማየትን ልማድ ቢያደርግ መልካም ነው።

ሦስተኛው የጉብታ ቤት ነው፤ ውሃም ናዳም አያሰጋውም፣ ነገር ግን ውሽንፍር ቆርቆሮውን ይነቅልበታል፣ መብረቅም ይቀርበዋል። ለዚህ ቤት ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር አጭር መልስ አለው፤ ቆርቆሮውን በሰኔ ማጠባበቅ፣ ጣራ ላይ የተደረደረውን ድንጋይ ማውረድ፣ ማዕበሉ ሲመጣም ከመስኮት ርቆ ቤት ውስጥ መቆየት።

መመዘኛዎቹ

አንደኛውና ከሁሉ የሚከብደው መመዘኛ፣ መጠለያው በሌሊት፣ በዝናብ፣ በእግር፣ ወንዝም ሆነ ቦይ ሳይሻገሩ የሚደረስበት መሆኑ ነው። በፍጥነት የሚፈስ 15 ሴንቲ ሜትር ውሃ አዋቂ ሰውን ሊጥል፣ 30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ሊያንሳፍፍ፣ 60 ሴንቲ ሜትር ደግሞ አብዛኛውን ተሽከርካሪ ሊወስድ ይችላል። ባጃጅ በዚያ ሰዓትና በዚያ ዝናብ አይገኝም፤ ቢገኝም ከመኪና የቀለለ ነው። በዚህ መመዘኛ የወደቀ አማራጭ በሌሎቹ ሁሉ ቢያሸንፍ እንኳ መመረጥ የለበትም የሚል ጽኑ እምነት አለኝ።

ሁለተኛው መመዘኛ መጠለያው ራሱ ከጎርፍና ከናዳ የራቀ መሆኑ፣ ሦስተኛው በቤተሰቡ ውስጥ ያለውን ደካማ ሰው፣ ማለትም አራሷን፣ አዛውንቱን፣ የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስደውን፣ በክራንች የሚሄደውን መቻሉ ነው። አራተኛው ስንት ቀን እንደሚያስቆይ ሲሆን፣ አምስተኛው ወጪ ነው። በወጪ ውስጥ ከኪስ የሚወጣው ብር ብቻ ሳይሆን ቤት ዘግቶ መውጣት የሚያስከትለው የስርቆት ስጋትና በግቢ ያሉት ከብቶች ጉዳይም ይገባሉ። ብዙ ሰው ውሃ እያየ ከቤቱ የማይወጣው የሚደርስበትን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ በሩን ማን ይጠብቅልኛል ብሎ ነው።

አማራጭ አንድ፦ እዚያው ቤት መቆየት

ርቀቱ ዜሮ ስለሆነ በአንደኛው መመዘኛ ማንም አይበልጠውም። ነገር ግን የሚሠራው ለጉብታ ቤት፣ እንዲሁም በአሸዋና በሲሚንቶ ለታነጸና ፎቅ ላለው የቦይ ዳር ቤት ብቻ ነው። የጭቃ ቤት የሚቆመው ግድግዳው ደረቅ ሆኖ እስከቆየ ድረስ ነው፤ ከሥሩ ለሰዓታት ውሃ ከተኛበት ጭቃው ይፈታል፣ እንጨቱ ብቻውን ይቀራል። ስለዚህ በጭቃ ቤት ውስጥ አልጋ ላይ ወጥቶ ውሃው እስኪጎድል መጠበቅ መጠለል አይባልም።

ለመቆየት የወሰነ ቤተሰብ የመብራቱን ዋና ማጥፊያ ውሃ ሳይደርስበት ማጥፋት፣ እህሉንና ሰነዱን ከፍ ማድረግ፣ ንጹሕ ውሃ በሮቶ ወይም በጀሪካን አስቀድሞ መያዝ አለበት። በጎንደር ውሃ ማጠራቀም የዘወትር ልማድ ስለሆነ የመጨረሻው ብዙ ማስረዳት አይፈልግም። የቁልቁለት ቤት ነዋሪ ግን ከላይ የተዘረዘሩትን ምልክቶች ካየ፣ ቤቱ የቱንም ያህል ውድ ግንብ ይሁን፣ ይህ አማራጭ ለእርሱ የተዘጋ ነው።

አማራጭ ሁለት፦ ከፍ ያለ ቦታ ያለ ጎረቤት ወይም ዘመድ

እኔ ለአብዛኛው ሰው የምመርጠው ይህን ነው፤ ሆኖም ሰው በተለምዶ በሚያደርገው መልክ አይደለም። በተለምዶ «ከተቸገርን እነ እገሌ ቤት እንሄዳለን» ይባላል፤ እነ እገሌ ግን ከወንዙ ማዶ ናቸው። ከቀሃ ወዲህ የሚኖር ሰው ከቀሃ ማዶ ያለችውን እኅቱን መጠለያ አድርጎ ቢይዝ፣ በዚያች ሌሊት ከሁሉ የሚያሰጋውን ቦታ፣ ድልድዩን፣ የጉዞው አካል አድርጎታል። ከእኅት ቤት ይልቅ መቶ እርምጃ ወደ ላይ ያለ፣ ቡና ብቻ የሚያጣጡት ጎረቤት ይሻላል።

ችግሩ ይሉኝታ ነው። ሰው እኩለ ሌሊት ላይ ስድስት የቤተሰብ አባላት ይዞ የማይዛመደውን ሰው በር ማንኳኳት ይከብደዋል፤ ስለዚህ እስኪረፍድ ይጠብቃል። መፍትሔው በግንቦት ወይም በሰኔ፣ ሰማዩ ገና ሳይከብድ፣ ቡና ይዞ ሄዶ «ውሃ ከመጣ ልጆቹን ይዘን እርስዎ ጋ እንምጣ?» ብሎ በግልጽ መጠየቅና በምላሹም ቆርቆሮ የሚነቅል ንፋስ ቢመጣ እርሱ ወደ እርስዎ እንዲመጣ መስማማት ነው። የእድር ስብሰባ ለዚህ ጥሩ ቦታ ነው፤ እድር ድንኳንና አግዳሚ ወንበር፣ ድስትና ጥሩ የስም ዝርዝር አለው፤ ከላይኛውና ከታችኛው መንደር ያሉ አባላትን ሁለት ሁለት ቤት አድርጎ ማጣመር አንድ ስብሰባ አይፈጅም። ወጪው ኢምንት ነው፤ ድክመቱ ግን ከሁለት ሦስት ሌሊት በላይ አለማስቆየቱ ነው፤ ደግ ጎረቤትም በሳምንቱ ይሰለቻል።

አማራጭ ሦስት፦ ትምህርት ቤት፣ አዳራሽ፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ

የጋራ መጠለያ ብዙ ሰው ይይዛል፣ እርዳታ ሲመጣም የሚከፋፈለው እዚያ ነው፤ ስለዚህ ቤቱ ፈርሶ ለሳምንታት ለሚቸገር ቤተሰብ ዋናው መንገድ ይህ ነው። ሆኖም ሁለት ነገር አስቀድሞ መጣራት አለበት። አንደኛ፣ ዝናቡ የሚበረታባቸው ወራት ትምህርት የሚዘጋባቸው ወራት ናቸው፤ መምህራኑ የሉም፣ ክፍሎቹ ተቆልፈዋል፣ ቁልፉ ከዘበኛው ወይም ከርዕሰ መምህሩ ጋር ነው። ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ፣ ሌሊት ማን እንደሚከፍት ከቀበሌው ጋር ያልተነጋገረ ሰፈር መጠለያ አለኝ ማለት አይችልም። ሁለተኛ፣ ትምህርት ቤቱ ራሱ ሜዳ ስለሚፈልግ አንዳንዴ የተሠራው ዝቅ ባለና ውሃ በሚተኛበት ቦታ ላይ ነው።

አብያተ ክርስቲያናት በዚህ ረገድ ይሻላሉ። በአርባ አራቱ አድባራት የምትታወቀው ጎንደር ብዙዎቹን በጉብታ ላይ ነው የተከለችው፤ ጎርፍ አይደርስባቸውም፣ ጥበቃ አላቸው፣ በሌሊትም ሰው አይጠፋባቸውም። በተለይ ከነሐሴ 1 እስከ 16 በፍልሰታ ጾም ብዙ ሰው ሌሊቱን በዚያ ስለሚያሳልፍ በሩ ክፍት ነው። በዚሁ ምክንያት ግን ቤተሰቡ ይከፋፈላል፤ እናት ለጸሎት ወጥታ ልጆች ቤት ሳሉ ውሃ ቢመጣ ማን ማንን ፍለጋ እንደሚሄድ፣ ወይም ማንም ማንንም ፍለጋ ሳይሄድ ሁሉም በየራሱ መንገድ ወደ አንድ ቦታ እንደሚደርስ፣ ቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል። የሚሻለው ሁለተኛው ነው። ሌላው ጥንቃቄ በግቢው ያሉት ረጃጅም ጽዶች ናቸው፤ መብረቅ ባለበት ሰዓት ከዛፍ ሥር ሳይሆን ከአዳራሹ ውስጥ መጠለል ይገባል። በሰፈሩ መስጊድ ከፍ ባለ ቦታ ላይ ከሆነም ይኸው ሁሉ ይሠራል፤ በችግር ሌሊት የሚጠየቀው የቦታው ከፍታ እንጂ የሚጠለለው ሰው እምነት አይደለም።

የጋራ መጠለያ በሦስተኛው መመዘኛ ይወድቃል። አራስ፣ የታመመ ሰውና አዛውንት በሲሚንቶ ወለል ላይ፣ በጋራ መጸዳጃ፣ ብዙ ሰው በሚሳልበት ክፍል ውስጥ ሲቀመጡ አንዱን አደጋ አምልጠው ወደ ሌላው ይገባሉ።

አማራጭ አራት፦ ክረምቱን ሌላ ቤት ተከራይቶ ማሳለፍ

በገንዘብ ውዱ፣ በደኅንነት ደግሞ የመጀመሪያው ይህ ነው፤ ምክንያቱም የሌሊቱን ሽሽት ጨርሶ ያስቀረዋል። በምልክት የተሞላ የቁልቁለት ቤት ላለው ቤተሰብ ይህን ያህል ግልጽ የሆነ ሌላ መልስ የለም። አከራዮች የጥቂት ወራት ኪራይ በቅድሚያ መጠየቃቸውን፣ የአራት ወር ተከራይ ለማስገባትም ማቅማማታቸውን አስቦ ፍለጋውን ከሚያዝያ መጀመር ይጠቅማል። ሙሉ ቤት መከራየት የማይችል ሰው አንድ ክፍል ተከራይቶ ደካሞቹንና ሰነዱን ወደዚያ ካወጣ፣ የቀሩት ጎልማሶች በአማራጭ ሁለት ሊጠቀሙ ይችላሉ። ይህ ድብልቅ መንገድ ብዙ ጊዜ አይታሰብም፤ በእኔ ግምት ግን መካከለኛ አቅም ላለው ቤተሰብ ከሁሉ የሚበጀው እርሱ ነው።

አማራጭ አምስት፦ ከከተማ መውጣት

በዚህ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። የአንገረብና የቀሃ ውሃ ወደ መገጭ፣ ከዚያም በደንቢያ ሜዳ አድርጎ ወደ ጣና ይወርዳል፤ ደንቢያ ወዳሉ ዘመዶች የሚሸሽ ሰው ውሃው ወደሚሄድበት ይሄዳል። የባሕር ዳሩ መንገድ የፎገራን ሜዳ ያቋርጣል፣ የርብና የጉማራ ወንዞች ሲሞሉ እዚያም ሰው ይፈናቀላል። ወደ ደባርቅና ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ደግሞ ገደላማ ነው፤ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. በሰሜን ጎንደር ጠለምት ወረዳ የወረደው ናዳ ሰው ገድሎ ብዙ ቤተሰብ አፈናቅሏል። ከከተማ መውጣት የሚጠቅመው ዝናቡ ሳይጀምር፣ በቀን፣ ክረምቱን ለመክረም ሲሆን ብቻ ነው።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| አማራጭ | በሌሊት በእግር መድረስ | የቦታው ደኅንነት | ለደካማ ሰው | የሚያስቆየው ጊዜ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| እዚያው ቤት መቆየት | ጉዞ የለውም | እንደ ቤቱ ቦታ፤ ለቁልቁለትና ለጭቃ ቤት አይሆንም | ጥሩ | ሰዓታት | ዝቅተኛ |
| ከፍ ያለ ቦታ ያለ ጎረቤት | እጅግ ጥሩ፣ ወንዝ ካላቋረጠ | ጥሩ | ጥሩ | 2–3 ሌሊት | ኢምንት |
| የጋራ መጠለያ | መካከለኛ፤ ቁልፉን ማጣራት ግድ ነው | አድባራት ጥሩ፣ ትምህርት ቤት እንደ ቦታው | ደካማ | ሳምንታት | ዝቅተኛ |
| ክረምቱን መከራየት | ሽሽት አያስፈልግም | እጅግ ጥሩ | እጅግ ጥሩ | ወራት | ከፍተኛ |
| ከከተማ መውጣት | አይቻልም | አጠራጣሪ | እንደ ዘመዱ ቤት | ሳምንታት | መካከለኛ |

እንደ ችግሩና እንደ አቅሙ

ምንም ትርፍ ገንዘብ የሌለው፣ የቦይ ዳር የጭቃ ቤት ያለው ቤተሰብ አማራጭ ሁለትን ይያዝ፤ ቤቱ ቢፈርስ የሚሸጋገርበትን አማራጭ ሦስትንም ከአሁኑ ይወቅ። ለዝግጅቱ የሚያስፈልገው የእጅ ባትሪ፣ መታወቂያና የቤት ካርታ የሚቋጠርበት ፕላስቲክ፣ በወረቀት የተጻፉ የስልክ ቁጥሮችና የአንድ ሳምንት መድኃኒት ብቻ ነው። የንብረት ስጋት ካለ ውሃ ከማይደርስበት የጎረቤት በረንዳ ላይ ሆኖ የመንደሩን በሮች በተራ የሚጠብቅ ሰው መመደብ ይቻላል።

የቤት ተከራይ የሆነ ሰው የድጋፍ ግንብ መሥራት አይጠበቅበትም፤ ስንጥቁን በስልክ ፎቶ አንስቶ ለአከራዩም ለቀበሌውም ማሳየትና መልስ ካጣ ከሰኔ በፊት ቤት መቀየር ይሻለዋል። ተማሪዎች በክረምት ብዙዎቹ ወደየቤታቸው ስለሚሄዱ የሚለቀቁ ክፍሎችን መጠየቅ ያዋጣል። የራሱ የቁልቁለት ቤት ያለውና ገንዘብ ያለው ሰው ደግሞ ብሩን መጀመሪያ በውሃ መውረጃ ላይ ያውል፤ ከጀርባው ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ የሌለው ግንብ ውሃውን አጠራቅሞ ራሱን ይጥላል። በግንቡ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች በየዓመቱ ከደለል ማጽዳትም የዚያው ሥራ ክፍል ነው። ደለል በዚህ አካባቢ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ በደለል እየሞላ የሄደውን የአንገረብ ግድብ ማየት ይበቃል።

አዛውንት ወይም አራስ ያለበት ቤት አቅሙ ምንም ይሁን ምን ውሃው እስኪታይ አይጠብቅ። ለሌሎች የመነሻው ምልክት ቦዩ መንገድ ላይ መፍሰሱ ከሆነ፣ ለእነርሱ የመነሻው ምልክት ሰማዩ ተራራው ላይ መጥቆሩና ሚቲዎሮሎጂ ከባድ ዝናብ ማስጠንቀቁ መሆን አለበት፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በፊት የተደረገ ጉዞ ከእኩለ ሌሊት ጉዞ ጋር አይወዳደርም። መንገዱን በሰኔ በቀን አንድ ጊዜ፣ ሲጨልም ደግሞ አንድ ጊዜ በእግር ሄዶ መሞከር፣ በየትኛው ማጠፊያ ላይ ክፍት የቱቦ ጉድጓድ እንዳለ ያሳያል፤ ውሃ ሲሸፍነው ያ ጉድጓድ አይታይም።

ወደ ቤት ሲመለሱ የመጸዳጃ ጉድጓድ ከጎርፉ ጋር ተቀላቅሎ እንደሆነ በማሰብ የጉድጓድና የቧንቧ ውሃን ማፍላት ግዴታ ነው። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል፤ ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ለሦስት ደቂቃ እንዲፈላ መተው ያስፈልጋል።